የአየር ማቀዝቀዣን ከአሮጌ ፒክአፕ ላይ ስለ መንቀል

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚህ መንገድ ገብስና ባቄላ ጭነው ከሚመላለሱት አሮጌ ፒክአፖች መካከል የአየር ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው ይገኛሉ። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልባት ደጋ ናት። ስለሆነም የመኪናው ባለቤት፣ በተለይም መሣሪያው ተበላሽቶ መጮኽ በጀመረ ጊዜ፣ «በዚህ ብርድ አገር ማቀዝቀዣ ምን ያደርግልኛል? ለምን ነቅዬ አልጥለውም?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመንቀል በፊት የሚነቀለውን ነገር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከአንድ ስፍራ ወስዶ በሌላ ስፍራ ይጥላል እንጂ ብርድን አይፈጥርም። ይህንንም የሚያደርገው በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ በሚዘዋወር ልዩ ጋዝ አማካይነት ነው። ኮምፕረሰር የሚባለው ክፍል ከሞተሩ በቺንጋ ኃይል እየተቀበለ ጋዙን ያምቀዋል። የታመቀውና የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ወደ ተተከለው ኮንደንሰር ይሄዳል፤ እዚያም ሙቀቱን ለነፋስ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከዳሽቦርዱ በስተኋላ ወዳለው ኢቫፖሬተር ሲገባ ግፊቱ በድንገት ስለሚቀንስ ይተናል፤ በሚተንበትም ጊዜ የጋቢናውን አየር ሙቀት ይወስዳል። ከዚያም ጋዙ ወደ ኮምፕረሰሩ ተመልሶ ዑደቱን ይቀጥላል።

ታዲያ ይህን መሣሪያ ማንሣት ምን ያስገኛል? ቱርቦ የሌለው ሞተር በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። አንዳንድ ሰዎች ማቀዝቀዣውን ቢነቅሉ የጠፋው ኃይል የሚመለስ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ማቀዝቀዣው ሲጠፋ በኮምፕረሰሩ ፊት ያለው የማግኔት ፍሪሲዮን ስለሚለቅ ፑሌጃው ብቻ ይሽከረከራል፤ የሚወስደውም ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። እውነተኛው ጥቅም ሌላ ነው። ይኸውም ኩሽኔታው ያለቀ ኮምፕረሰር ቺንጋውን እንዳያቃጥል መከላከል፣ ለጥገና ስፍራ ማግኘትና ለራዲያተሩ በቂ ነፋስ መስጠት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ይኸው መኪና አንድ ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሊወርድ ይችላል። ቆላ የሚመላለስ ሰው ዛሬ የነቀለውን ነገ ይመኘዋል።

ሰውየው ቆርጦ ለመንቀል ቢወስን፣ የመጀመሪያው ሥራ ቡሎን መፍታት አይደለም፤ ጋዙን ማውጣት ነው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ እንኳ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከተነፋ ጎማ አያንስም። ቧንቧው ሳይታሰብ ቢፈታ፣ የሚፈናጠረው ፈሳሽ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ቆዳን ያቆስላል፤ ዐይንንም ሊያጠፋ ይችላል። ጋዙ ከእሳት ነበልባል ጋር ሲገናኝም መርዛማ ጢስ ይወጣዋል።

ጉዳቱ በነቃዩ ላይ ብቻ አይቀርም። በቀድሞ መኪናዎች ውስጥ ይሞላ የነበረው አር 12 የተባለው ጋዝ፣ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ንጣፍ ያጠፋል። በዚህም ምክንያት በ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1987) መንግሥታት በሞንትሪያል ከተማ ስምምነት ተፈራረሙ፤ ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1994) የዚሁ ስምምነት አባል ሆነች። በኋላ የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም፣ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ የማያንስ ኃይል አለው። ስለዚህ ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ አይገባም፤ የጋዝ መሰብሰቢያ መሣሪያ ባለው ባለሙያ ዘንድ ወደ ሲሊንደር መሳብ አለበት። «ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ስለማያቀዘቅዝ ባዶ ነው» ብሎ መገመትም ስሕተት ነው፤ ባዶነቱ በመለኪያ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ጋዙ ከወጣ በኋላ የባትሪው ገመድ ይነቀላል። ቀጥሎ ቺንጋው ይታያል። በብዙ አሮጌ ፒክአፖች ኮምፕረሰሩ የራሱ ቺንጋ ስላለው ያንኑ ማውጣት ይበቃል። አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ጭምር የሚያዞር ከሆነ ግን፣ በኮምፕረሰሩ ምትክ ባዶ ፑሌጃ መግጠም ወይም በልኩ አጭር ቺንጋ መፈለግ ግድ ነው። ከዚያ ኮምፕረሰሩ፣ ቧንቧዎቹና ኮንደንሰሩ በየተራ ይፈታሉ። ኮንደንሰሩ ሲወጣ የራዲያተሩን ስስ ክንፎች እንዳያጣምም መጠንቀቅ ያሻል። ኢቫፖሬተሩን ለማውጣት ዳሽቦርዱን ማፍረስ ስለሚያስፈልግ፣ በቦታው ቢቀር ይሻላል። ተመልሶ ሊገጠም የሚችል ዕቃ የቧንቧው አፍ ወዲያው መደፈን አለበት፤ እርጥበት ከገባበት ይበላሻልና። የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ጫፍም በፕላስተር ይጠቀለላል፤ ቧንቧዎቹ ወደ ጋቢናው የሚያልፉበት ቀዳዳም ጢስና አቧራ እንዳያስገባ ይደፈናል።

በዚህ ጊዜ አንድ ስሕተት እንዳይፈጸም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሞተሩ ወደ ጋቢናው የሚገቡት ሁለት የጎማ ቱቦዎች የማሞቂያው ናቸው። በውስጣቸው የሚያልፈው የራዲያተር ሙቅ ውሃ ሲሆን፣ በውርጭ ማለዳ የፊት መስተዋቱን ከጉም የሚያጠራው እርሱ ነው። ማቀዝቀዣ መስሎት እነዚህን የሚቆርጥ ሰው፣ በአንኮበር ቁልቁለት ፊቱን ሳያይ ለመንዳት ይገደዳል።

ተማሪዎች ሆይ፣ አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው። የአንድን ሥራ አካሄድ በጽሑፍ ስታስረዱም ይህን አትርሱ። ቀዳሚውን ከተከታዩ ጋር ብታዘበራርቁ፣ ጽሑፋችሁን አምኖ መፍቻ ያነሣው ሰው ዐይኑን ሊያጣ ይችላልና።