ትራክተሩን ያቆመው የራዲያተር ጎማ

ነገሩ የሆነው በአንድ ሰኔ፣ በአርሲ ደጋ ስንዴ በሚዘራበት ወቅት ነው። ከአሰላ ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ውስጥ የማኅበሩ ትራክተር ማረሻውን እንደጎተተ ከማሳው መካከል ቆመ። ከሞተሩ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ፍል ውሃ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚያስተላልፈው የላይኛው ጎማ ከአፉ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ውሃው በሙሉ መሬት ላይ ፈሷል። በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ ጊዜው ነበር።

ተራቸውን የሚጠባበቁ አባላት ዘራቸውን በጆንያ አዘጋጅተው ነበር። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። በመጀመሪያው ቀን ሹፌሩ ጎማውን በሽቦ አስሮ አረሰ። በሁለተኛው ጊዜ አዲስ ፋሸታ ተገዝቶ ታሰረ። በሦስተኛው ጊዜ አዲሱም ፋሸታ ጎማውን ሊይዘው አልቻለም።

በዚያው ዕለት ማታ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የጎማው፣ የፋሸታውና የባከነው ቀን ዋጋ ከሹፌሩ ደመወዝ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። «የሙቀት መለኪያው ከፊትህ ተቀምጦ እንዴት ዝም ብለህ ትነዳለህ?» ተብሎም ተጠየቀ። ወጣቱ ሹፌር «መርፌው ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ወረደ፤ የበረደ መስሎኝ ነው» ብሎ መለሰ። ያመነው ሰው አልነበረም። ሆኖም ሊቀ መንበሩ ውሳኔው እንዲቆይና ከአሰላ አንድ መካኒክ እንዲጠራ አደረጉ።

ሞተሩ ሲመረመር

በዕድሜ የገፉት መካኒክ በማግስቱ ማለዳ ደረሱ። ኮሚቴው የሆነውን ሁሉ ከዘረዘረላቸው በኋላ «ሹፌሩን ከመጠየቃችሁ በፊት እስቲ ሞተሩን እንጠይቀው» አሉ።

በቅድሚያ የፈለጉት ከቴስታታው ሥር ያለው ጋስኬት ተቃጥሎ እንደሆነ ማወቅ ነበር። ጋስኬቱ ከተቃጠለ የነዳጁ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፤ ግፊቱም ጎማውን ከአፉ ያስወጣዋል። ስለዚህ ጎማውን ለጊዜው አስረው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃ ሞሉና አስነሱት። ውሃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ቢታይ፣ ወይም ጎማው ሞተሩ ሳይሞቅ ገና በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቢጠነክር ምልክቱ መጥፎ ነው። አረፋ አልታየም። ጋስኬቱ ደኅና ነበር።

ቀጥለው ጎማውን አውልቀው የብረቱን አፍ በጨርቅ ጠረጉ። ጨርቁ ጥቁር ዘይት ይዞ ወጣ። ሹፌሩ ጎማው አልገባ ስላለው የሞተር ዘይት ቀብቶ እንዳስገባው አልሸሸገም። ዘይት ጎማውን በቀላሉ እንደሚያስገባው ሁሉ በቀላሉ ያስወጣዋል፤ ውሎ ሲያድርም ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ፋሸታውም የታሰረው በተሳሳተ ቦታ ነበር። ከብረቱ አፍ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ከፍ ያለ ቀለበት አለ። ፋሸታው መታሰር ያለበት ከዚህ ቀለበት ኋላ ሲሆን፣ የታሰረው ግን በቀለበቱ አናት ላይ ነበር።

ከዚያም የራዲያተሩን ፊት ተመለከቱ። ባለፈው ውቂያ የተነሣው እብቅና ገለባ ክንፎቹን ደፍኗቸው ስለነበር ነፋስ በሚገባ አያልፍም። ሞተሩም ከመጠን በላይ ይሞቃል።

በመጨረሻም ክዳኑን አገላብጠው አዩት። በላዩ ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። የትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ የሚያዘው ግን 0.5 ነው። «ይህን ክዳን ማን ገዛው?» ብለው ሲጠይቁ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። በኋላ አንድ የኮሚቴ አባል የቀድሞው በመጥፋቱ ከከተማ ልኩ ገጣሚ የሆነውን መርጠው እንደገዙ ገለጹ። ክዳኑ አፉ ላይ በትክክል ገጥሟል፤ ቁጥሩን ግን ማንም አላየውም።

ክዳኑ ምን ይሠራል?

የራዲያተር ክዳን ውሃው እንዳይፈስ ብቻ የተሠራ መክደኛ አይደለም። በውስጡ ያለው ስፕሪንግ የውሃውን ግፊት እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ይዞ፣ ከዚያ ያለፈውን በትንሿ ቱቦ ያስተነፍሳል። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው እንደ አሰላ አካባቢ ባሉ ደጋዎች ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.5 ባር የሚይዝ ደኅና ክዳን ካለ ያው ውሃ እስከ 106 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ስለሆነም በደጋ አገር ያለ ክዳን ወይም በጨርቅ ደፍኖ መንዳት ሞተሩን ቶሎ ለማፍላት ነው።

ከልክ ያለፈ ክዳንም ጉዳት አለው። የአፉ ስፋት 4 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ የ0.5 ባር ግፊት ወደ 6 ኪሎ በሚሆን ኃይል ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በ1.1 ባር ጊዜ ኃይሉ ወደ 14 ኪሎ ይደርሳል። ዘይት በነካው አፍ ላይ፣ ያለ ቦታው የታሰረ ፋሸታ ይህን አይችልም። ጎማው የወለቀው ሦስቱ ስሕተቶች ስለተደራረቡ ነው።

የሹፌሩም ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ። የሙቀት መለኪያው የሚያነበው የነካውን ውሃ ሙቀት ነው። ውሃው ሲፈስ መለኪያው በባዶ ስለሚቀር ሞተሩ እየተቃጠለ መርፌው ሊወርድ ይችላል። ከወጣ በኋላ በድንገት የወረደ መርፌ ሞተሩን ወዲያው ለማጥፋት ምልክት እንጂ የደስታ ምልክት አይደለም።

አሠራሩ

መካኒኩ ሥራውን ያከናወኑት ኮሚቴውና ሹፌሩ ባሉበት ነው። ዘይት የነካውን የጎማውን ጫፍ በስለት ቆረጡት። የቀረው ርዝመት በቂ ነበር፤ ተወጥሮ የሚደርስ ቢሆን ኖሮ በአዲስ መለወጥ ነበረበት። የብረቱን አፍ በሳሙናና በውሃ አጥበው፣ ዝገቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። ጎማውን በንጹሕ ውሃ ብቻ አርጥበው ቀለበቱን አልፎ እስከ መጨረሻው አስገቡት። ፋሸታውን ከቀለበቱ ኋላ፣ ከጎማው ጫፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ አድርገው በካቻቢቴ አጠበቁ። ጎማው በፋሸታው ቀዳዳዎች በኩል እስኪወጣ ድረስ ማጥበቅ ጎማውን መቁረጥ መሆኑንም አስገነዘቡ። ሞተሩ ሞቆ እንደገና ከቀዘቀዘ በኋላ ፋሸታው አንድ ጊዜ ተጨምሮ ይጠብቃል። ራዲያተሩም ከማራገቢያው በኩል ወደ ፊት በውሃ ታጥቦ እብቁ ወጣ። ትክክለኛው ክዳን ከአሰላ ተገዝቶ መጣ።

ሽቦን በተመለከተ፣ ሽቦ ጎማውን ዙሪያውን እኩል ስለማይዘው በአንድ በኩል ያላላል፣ በሌላ በኩል ይቆርጣል። በማሳ ላይ ሌላ መላ ከጠፋ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጠፍር አጥብቆ ጠምጥሞ፣ ክዳኑን አላልቶ፣ በዝግታ እስከ ቤት መድረስ ይቻላል። ማረስ ግን አይቻልም።

ጎማ በማሳ ላይ ሲወልቅ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። የላይኛው ጎማ በእጅ ሲያዝ የማያቃጥል፣ ሲጨመቅም የሚለሰልስ እስኪሆን ድረስ ክዳኑ መነካት የለበትም፤ የሚፈነዳው ፍል ውሃ ፊትን ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ቀስ እያሉ መሙላት ይገባል።

የመሪዎች ድርሻ

ትራክተር ያለው ማኅበር ሁሉ በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አንድ የላይኛና አንድ የታችኛ ጎማ፣ ጥቂት ፋሸታዎች፣ ካቻቢቴና ጀሪካን ውሃ እንዲኖር ማድረግ ይኖርበታል። የሚገዛው ዕቃ ቁጥር አስቀድሞ ከመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተገልብጦ ለገዢው ይሰጥ። ሹፌሩ በየማለዳው ሞተሩ ሳይሞቅ ውሃውን፣ ጎማዎቹንና ቺንጋውን አይቶ በመዝገብ ላይ ይጻፍ። ጎማው ሁለት ጊዜ ከወለቀ ለሦስተኛ ጊዜ ከማሰር በፊት ምክንያቱ ይፈለግ።

በዚያ ማኅበር ከሹፌሩ ደመወዝ ይቆረጥ የተባለው ሐሳብ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሣ። ሊቀ መንበሩ «ዘይቱን የቀባ እሱ ነው፤ ክዳኑን የገዛን እኛ ነን፤ እብቁን አይተን ያለፍነው ሁላችንም ነን» አሉ። ወጪው በማኅበሩ ሣጥን እንዲሸፈን ተወሰነ። ትራክተሩ ተራቸው ወዳለፈባቸው አባላት ማሳ ተመለሰ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለሞተርም ነው።