ሥጋው ለምን ጠቆረ?

አምና ለዒድ አል-ፊጥር በሰፈራችን ስምንት ቤተሰብ ሆነን ቅርጫ ገባን። ገዢ አድርገን የላክነው ወንድማችን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ኮርማ ይዞ መጣ፤ ከወተት ላም የተወለደ የሆልስታይን ድቅል ነው። ዋጋው ከሐረር ሰንጋ ስለሚቀንስ ሁላችንም ደስ አለን።

ደስታው እስኪታረድ ነበር። ሥጋው ጠቆር ያለ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆነ። አንዱ «የፈረንጅ ከብት ድሮም ሥጋ የለውም» አለ፤ ሌላው ገዢውን ጠረጠረ። ከሁሉም የከበደን ግን አንዲት እናት መስጂድ ድረስ መጥተው «ሼኽ፣ ደሙ በደንብ አልፈሰሰም መሰለኝ፤ ለልጆቼ ላብላ ወይስ ልጣለው?» ማለታቸው ነው።

ይብሉ አልናቸው። በሱረቱል አንዓም የተከለከለው የሚፈስ ደም ነው፤ በትክክል ከታረደ በኋላ በሥጋውና በሥሩ የሚቀረው አይደለም። የሥጋው መጥቆርም ከደም ጋር አይገናኝም። ከብት በጡንቻው ውስጥ የሚያጠራቅመው ስኳር አለ። ከታረደ በኋላ ያ ስኳር ወደ አሲድነት ይለወጥና ሥጋውን ቀይ ያደርገዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳዋል። ከብቱ ደክሞ፣ ደንግጦ ወይም ከሌላ ኮርማ ጋር ሲዋጋ አድሮ ከሆነ ስኳሩ ቀድሞ ያልቃል፤ ሥጋውም ይጠቁራል።

የእኛ ኮርማ በዋዜማው ከገበያ በእግሩ ተነዳ፣ ከማያውቃቸው ኮርማዎች ጋር ታስሮ ውሃ ሳይቀምስ አደረ፣ ከዒድ ሶላት በኋላ ታረደ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቢላዋው እንዲሳል፣ እንስሳውም እንዲያርፍ አዘዋል። ቢላዋውን አስልተን ነበር፤ ማረፉን ግን ማንም አላሰበውም፣ እኛም ጭምር።

ዝርያውን በተመለከተ፣ እውነት ነው፣ ሆልስታይን አጥንቱ ትልቅ ነው፤ ከክብደቱ አንጻር የሚወጣው ሥጋ ለሥጋ ከተመረጡት ዝርያዎች ያንሳል። ጣዕሙ ግን የሚወሰነው ይበልጥ በአያያዙ ነው። በልጅነቱ ተኮላሽቶ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እየተቀለበ ያደገ ወጣት ሰንጋ ስቡ በሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ለስላሳም ይሆናል፤ በአሜሪካም የሆልስታይን ሰንጋ እየተቀለበ ለሥጋ ይሸጣል። ያልተኮላሸ ኮርማ ግን ስቡ ጥቂት፣ ሥጋው ጠንከር ያለ ነው። ብዙ ጊዜ የወለደች፣ ከወተት የወጣች ላም ከሆነች ለጥብስ አትመኟት፤ ለኢፍጣር ሾርባ በቀስታ እሳት ብትቀቀል ግን ታስደስታለች። የጀርሲ ድቅል ስቡ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ፤ ቀለሙ ከሚበላው ሣር የሚመጣ እንጂ በሽታ አይደለም።

ለባለቤቶቻችሁም አንድ ነገር፦ ሥጋ ከታረደ ከሰዓታት በኋላ ይደርቃል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይለሰልሳል። የዒድ ጠዋት ጉበቱና ጨጓራው ይቅደም፤ ጥብሱ በማቀዝቀዣ አንድ ሁለት ቀን ይደር። የጠቆረ ሥጋ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ አይቆይ።

ወንድማችንን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ዘንድሮም ገዢያችን እሱው ነው፤ ሰንጋው ከዒዱ ሦስት ቀን ቀድሞ በመኪና ይመጣል ኢንሻአላህ፣ ውሃ የማጠጣቱን ተራም ልጆቻችን ከወዲሁ ተካፍለውታል።