ግንዱ ለምን ተቆረጠ?

(የሞተር መጋዝ ድምፅ፤ ዛፍ ሲወድቅ)

ተራኪ፦ ቼክ ሪፐብሊክ በ2015 ከደኖቿ ያወጣችው ግንድ 16 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። በ2020 ከ35 ሚሊዮን በለጠ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው “ይህች አገር አለፈላት” ሊል ይችላል። የደን ባለቤቶቹ ግን ሐዘን ላይ ነበሩ። ስፕሩስ የሚባለውን የጥድ ዓይነት በመጀመሪያ ድርቅ አደከመው፤ ከዚያም ቅርፊት የሚቦረቡር ጥንዚዛ ወረረው። ወረርሽኙ እንዳይዛመት የተጠቃው ዛፍ በጥድፊያ ተቆረጠ። ገበያው በግንድ ሲጥለቀለቅ ዋጋው ወደቀ። ምርቱ ያደገው ደኑ እየሞተ ስለነበር ነው።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ የየአገሩን የእንጨት ምርት ከ1961 ጀምሮ መዝግቧል። በዛሬው ዘጋቢ ፕሮግራማችን ከቁጥሮቹ ጀርባ ያለውን ታሪክ እንመለከታለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(የወደብ ድምፅ፤ የመርከብ ጡሩንባ)

በ1960ዎቹ ከሐሩር ደን ግንድ በመሸጥ ፊሊፒንስን የሚስተካከላት አልነበረም። ትልቋ ደንበኛዋ ጃፓን ነበረች። ደኑ ሲመናመን ግን ገበያው ወደ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ዞረ፤ ሻጭ የነበረችው ፊሊፒንስም እንጨት ገዢ ሆነች።

ኢንዶኔዥያ ሌላ መንገድ ሞከረች። በ1985 ያልተሰነጠቀ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ ኮምፔንሳቶ በመሸጥም በዓለም ቀዳሚ ሆነች። ይሁንና ፋብሪካዎቹ ከደኑ አቅም በላይ ግንድ ይፈልጉ ስለነበር ጭፍጨፋው አልቆመም።

(የጎርፍ ድምፅ)

አንዳንዴ የምርቱን መስመር ወደ ታች የሚያጥፈው ውሃ ነው። በ1988 መጨረሻ በደቡብ ታይላንድ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ከተራቆተው ተራራ ግንድ እያንከባለለ መንደሮችን ደመሰሰ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ጥር መንግሥት ከተፈጥሮ ደን ዛፍ መቁረጥን አገደ። ቻይናም በ1998 የያንግትዜ ጎርፍ ካጥለቀለቃት በኋላ የተፈጥሮ ደኖቿን መጠበቅ ጀመረች። የፋብሪካዎቿ ፍላጎት ግን አልቀነሰም፤ በዓለም ትልቋ የግንድ ገዢ ሆነች። የአንዱ አገር ቁጥር ሲወርድ መጋዙ ድንበር ተሻግሮ የጎረቤትን ደን ሊቆርጥ ይችላል።

ሩሲያ ውስጥ የወደቀው መንግሥት ነበር። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የሩሲያ የግንድ ምርት በጥቂት ዓመታት ከግማሽ በታች ወረደ። ዛፉ ግን እዚያው ነበር፤ የጠፋው ቆራጩን የሚከፍል፣ ግንዱን የሚያጓጉዝና የሚገዛ ነው።

(የመጥረቢያ ድምፅ)

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በፋኦ መዝገብ የኢትዮጵያ ዓመታዊ የእንጨት ምርት ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል። በጣውላና በወረቀት የምትታወቀው ስዊድን እንኳ 75 ሚሊዮን አካባቢ ነው የምታመርተው። ታዲያ ከስዊድን በለጥን ማለት ነው? አይደለም። ከስዊድን እንጨት አብዛኛው መሰንጠቂያና የወረቀት ፋብሪካ ይገባል። ከእኛ ከመቶው 95 እጅ የሚበልጠው ማገዶ ነው፤ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ወጥ ይሠራበታል፣ ከሰል ይከሰልበታል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ወደ ፋብሪካ የሚገባ ግንድ ይለካል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ከእንጦጦ በእናቶች ጀርባ የሚወርደውን ማገዶ ግን በር ላይ ቆሞ የሚለካው የለም። ስለዚህ የማገዶው ቁጥር በአብዛኛው ከሕዝብ ብዛትና ከኑሮ ሁኔታ ተነስቶ የሚሰላ ግምት ነው። ግምቱንና በሜትር የተለካውን በአንድ ዓምድ አስቀምጦ “ማን በለጠ?” ማለት ያሳስታል።

(ሙዚቃ)

እናም አድማጮቻችን፣ “እገሌ የተባለች አገር ይህን ያህል እንጨት አመረተች” ሲባል ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ዛፉ ለምን ተቆረጠ? ምን ሆነ? ማንስ ለካው? ለእነዚህ መልስ ሳይኖር የበዛው ቁጥር ሀብት ይሁን ጥፋት መለየት አይቻልም።