ቦሎቄና ጨዋማ አፈር

የአፈር ጨውነት የሚለካው ዴሲሲመንስ በሜትር በሚባል መለኪያ ነው። ማስና ሆፍማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት፣ ዛሬም በሚሠራበት ሰንጠረዥ ገብስ እስከ 8፣ ጥጥ እስከ 7.7 ድረስ ምርቱ ሳይቀንስ ይዘልቃል። ቦሎቄ ግን ገና ከ1 ሲያልፍ ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ አንድ በጨመረ ቁጥር ከምርቱ 19 በመቶ ያጣል። አፈሩ በባለሙያ ቋንቋ «ጨዋማ» የሚባለው 4 ሲደርስ ነው። ያኔ ታዲያ ከቦሎቄው ምርት ከግማሽ በላዩ ሄዷል። ጥጥ ያማረበትን ማሳ አይቶ ቦሎቄ መዝራት የሚያከስረው ለዚህ ነው።

ጨው በበዛበት አፈር ውስጥ ውሃ ቢኖርም ሥሩ መሳብ ያቅተዋል፤ ተክሉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል። ቦሎቄ ሶዲየሙን ከሥሩና ከግንዱ እንዳያልፍ ለማገት ይታገላል፤ ክሎራይዱ ግን ቅጠል ድረስ ይዘልቅና የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥለዋል። ናይትሮጅን ከአየር የሚያዘጋጁለት ባክቴሪያዎችም ይዳከማሉ። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። አንድ ተክል በጥንቃቄ ነቅሎ በሥሩ ላይ ከወጡት ትንንሽ ጉብታዎች አንዱን በጥፍር መሰንጠቅ ነው፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም።

በዝናብ የሚበቅል ቦሎቄ ብዙ ጊዜ ይህ ችግር አያገኘውም፤ ዝናቡ ጨውን ወደ ታች ያጥበዋል። ፈተናው ያለው በመስኖ ነው፤ ከቦሎቄ ጋር አንድ ዝርያ የሆነው ፎሶሊያም በመስኖ ሲለማ ያው ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ የመስኖ እርሻዎች፣ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ እየወጣ መሬቱን ጨዋማ አድርጎታል። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ጨው 80 በመቶ ገደማውን ማጠብ ይችላል፤ የታጠበው ጨው የሚወጣበት የማንጣፈፊያ ቦይ ከሌለ ግን ተመልሶ ይመጣል። ሶዲየም የበዛበትና ውሃ የማያሰርግ አፈር ደግሞ ከማጠቡ በፊት ጀሶ ይፈልጋል።

የዘር ማሻሻሉ ሥራ ተስፋ አለው። በሜክሲኮና በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በረሃ የኖረው ቴፓሪ የተባለው የቦሎቄ ዘመድ ድርቅንም ጨውንም ከቦሎቄ በተሻለ ይቋቋማል። ሁለቱን ለማዳቀል ግን ገና ያልጎለመሰውን ፅንስ አውጥቶ በቤተ ሙከራ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ይወስዳል።

እኔ ከሁሉ በላይ ትኩረት ይገባዋል የምለው ግን ብዙም የማይወራለትን የአዘራር ቦታ ነው። ውሃ በመደቡ ግራና ቀኝ ባሉት ቦዮች ሲፈስ ጨውን እየገፋ ከሁለቱም ወገን ወደ መሐል ይሰርጋል። መደቡ አናት ላይ ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል፤ መሬቱ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ዘሩን እዚያ አናት ላይ መዝራት ጨው ውስጥ መዝራት ነው፤ ቦሎቄ ደግሞ ገና ሲበቅል እጅግ ስስ ነው። ስለዚህ ዘሩ በመደቡ ጎን፣ ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ይገባል። በአንደኛው ቦይ ብቻ ውሃ ከተለቀቀ ጨው ወደ ማዶው ጎን ስለሚሸሽ፣ ዘሩ ውሃ ባለበት ወገን ይዘራል። ከበቀለ በኋላ መደቡን ገለባ ማልበስ ትነቱን ይቀንሳል፤ የመስኖውንም ውሃ ሳይበዛ ቶሎ ቶሎ መስጠት ጨው በሥሩ ዙሪያ እንዳይጠነክር ያደርጋል።