ፎልደር ሲከፈት የሚጮኸው ላፕቶፕ

ጥር የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው የማይተኛበት ወር ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች አንዲት የቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤትም በዚህ ሰሞን ሌሊቱን መብራቷ አይጠፋም። ባለቤቷ የደወለችልኝ ማክሰኞ ጠዋት ነበር።

«ጋሼ፣ ላፕቶፑ አበደ። ምንም ሳልሠራበት ማራገቢያው እንደ ጀነሬተር ይጮኻል። ልጁ ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ አለኝ።»

ልጁ የምትለው ከጎኗ ሞባይል የሚጠግነውን ወጣት ነው። ምክሩ አልገረመኝም፤ በእኛ ከተማ የኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ብዙ ጊዜ ያድናልም፤ ጥፋተኛውን ከነሰፈሩ ያጠፋዋላ! ማን እንደነበረ ግን ሳይታወቅ ይቀራል፤ ያው ፕሮግራም ተመልሶ ሲጫንና ያው ፎልደር ሲከፈት ያው ጩኸት ይመለሳል።

ሄድኩ። የቅዳሜው ሠርግ ፎልደር 64 ክሊፕ አለበት። ስከፍተው ትንንሾቹ ምስሎች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ግማሾቹ እዚህም እዚያም ባዶ እንደሆኑ ቀሩ፤ ማራገቢያው ድምፁን ከፍ አደረገ። እጄን ከላፕቶፑ ጎን ባስጠጋ የሚወጣው አየር ይፋጃል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ፤ ዲቴይልስ የሚለው ገጽ ገብቼ ሲፒዩ የሚለውን ዓምድ ስጫነው አንድ ስም ከላይ ወጣ፤ ከጎኑ 25። ትንሽ ጠበቅኩ። 25። ሻይ መጣ፣ ጠጣን፤ አሁንም 25።

ይህ ቁጥር ብቻውን የነገሩን ግማሽ ይናገራል። የእሷ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር አራት ኮር አለው፤ አራት ሠራተኛ እንበላቸው። ታስክ ማናጀር የአራቱን ጉልበት ደምሮ መቶ ስለሚል፣ አንዱ ኮር ያለ ዕረፍት ሲሠራ 25 ሆኖ ይታያል። እውነተኛ ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ይወጣል ይወርዳል። 25 ላይ የተቸነከረ ቁጥር አንዱ ሠራተኛ መውጫ የሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ እየተሽከረከረ መሆኑን ይጠቁማል። ስምንት ኮር ባለው ማሽን ያው በሽታ 12 ወይም 13 ሆኖ ስለሚታይ ማንም ልብ አይለውም። ፕሮሰሰር ሙሉ መሥራቱ በራሱ ጥፋት አለመሆኑን እዚህ ላይ ልናገር። ያለቀው ቪዲዮ ሬንደር ሲደረግ 100 ቢል ደስ ሊለን ይገባል፤ የገዛነው ሊሠራልን ነው። የሚያሳስበው ሥራ ሳይሰጠው ሲደክም ነው።

ፋይል ማንቀሳቀስ ደግሞ ለፕሮሰሰር ቀላል ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል። የቆዩ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት 2.4 ጊጋኸርዝ የሆነ ኮር ከ26 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይመታል። ፕሮሰሰሩ «ይህን ወደዚያ» ብሎ ያዝዛል እንጂ ጫኝና አውራጁ እሱ አይደለም። ስለዚህ ፋይል የሚያሳየን ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ካጨናነቀ፣ የያዘው ማንቀሳቀስ ሳይሆን የአንዱን ፋይል ይዘት የመተርጎም ትግል ነው።

ከላይ የወጣው ስም ዲኤልኤልሆስት ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ኮም ሰሮጌት ተብሎ ይታያል። ልጁን ያስደነገጠው ይኸው ስም ነበር። እውነቱን ለመናገር ስሙ ያስጠረጥራል፤ ግን የዊንዶውስ የራሱ ነው።

ፎልደር ስንከፍት ፋይሎቹን የሚያሳየን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ኤክስፕሎረር፣ ስም ብቻ ዘርዝሮ አያበቃም። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ትንሽ ምስል ለማሳየት ፋይሉ መከፈት፣ ከውስጡ አንድ ፍሬም መፈታት፣ መጠኑ መቀነስ አለበት። ኤክስፕሎረር ይህን ሁሉ ብቻውን ስለማይችል እንግዳ ያስገባል። ፋይል የሚያጭቀው ፕሮግራም፣ የቪዲዮ ማጫወቻው፣ ከኢንተርኔት ማከማቻ ጋር የሚያገናኘው፣ ሲጫኑ አንድ አንድ ሰው እዚያ ቤት ያስቀምጣሉ። ራይት ክሊክ ስናደርግ በሚወጣው ዝርዝር ላይ ስማቸው የሚታየው ሳሎን ተቀምጠው የሚሠሩት ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ሲታመም ቤቱ ሁሉ ስታክ ያደርጋል፤ የበሉትም በባለቤቱ በኤክስፕሎረር ሂሳብ ይጻፋል። ምስል አውጪዎቹ ግን ጠባያቸው ስለሚታወቅ ዊንዶውስ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ሠርቶላቸዋል። ኮም ሰሮጌት ማለት ያ ሰርቪስ ቤት ነው። ተከራዩ ቢያብድ ሳሎኑ ይተርፋል፤ የያዘውን ፋይል ግን አይለቅም። ክሊፕ ለማጥፋት ስንሞክር «ፋይሉ በኮም ሰሮጌት ተከፍቷል» የሚል እምቢታ የሚመጣው ከዚህ የተነሳ ነው።

ጥርጣሬዬን ለመፈተን የሚሽከረከረውን ከታስክ ማናጀር ዘጋሁትና ፎልደሩን ከምስል ወደ ሊስት ቀየርኩት። ስም ብቻ ሆነ። ማራገቢያው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ዝም አለ። የቀረው ከ64ቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። 32ቱን አዲስ ፎልደር ውስጥ አዛወርን፤ እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ የሚለወጠው አድራሻቸው ብቻ ነው፤ ዓይን እስኪጨፈን አለቀ። አዲሱን በትልልቅ ምስል ከፈትነው፤ ጸጥ። የቀሩትን ከፈትን፤ 25። ዘጋንና 16 ለ16 ከፈልናቸው፤ ከዚያ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ስድስተኛው ላይ ያዝነው። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት የሚስሙበት ክሊፕ ነው።

ታሪኩን ከእሷ ሰማሁ። ቅዳሜ ሌሊት ከሜሞሪ ካርድ ስትገለብጥ መብራት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ዊንዶውስ ፋይል ሲገለብጥ ቦታውን አስቀድሞ ስለሚይዝ የክሊፑ መጠን ሲታይ ሙሉ ነው፤ ከመሀል በኋላ ያለው ግን ባዶ ነው። ብዙ ካሜራዎች ደግሞ የቪዲዮውን ማውጫ፣ የትኛው ፍሬም የት እንዳለ የሚነግረውን ክፍል፣ የሚጽፉት መጨረሻ ላይ ነው። ጨዋ ፕሮግራም ማውጫውን ሲያጣ ይተወዋል። ይሄኛው እንግዳ መፈለጉን አልተወም። ማን እንዳመጣው ለማየት ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር የሚባለውን ነፃ መሣሪያ ተጠቀምኩ፤ የማርክ ሩሲኖቪች ሥራ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2006 እ.ኤ.አ. ከነድርጅቱ ገዝቶታል። አንድ ፕሮግራም ውስጥ ማን ማን እንደገባና የትኛው እየሮጠ እንደሆነ ለይቶ ያሳያል። ባለፈው ወር ከኢንተርኔት ያወረደችው ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ ሆኖ ተገኘ። ነቀልነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነና አዲስ ፋይል በብዛት ከገባ፣ ለፍለጋ ማውጫ የሚያዘጋጀው ወይም ጸረ ቫይረሱ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሌሊት በርቶ ቢያድር ይጨርሳሉ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ጸረ ቫይረስ በቀጠሮ ሲፈትሽ እንኳ በአማካይ ከ50 በመቶ እንዳያልፍ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው። እውነተኛ ቫይረስም አለ፤ ከኮፒ ቤት ፍላሽ ጋር የሚመጣውን፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን የማያውቅ የለም።

ፍለጋ ካልኩ አይቀር፦ እሷ ፎልደሮቿን አንዱን «ሠርግ»፣ ሌላውን «ሰርግ» ብላ ትሰይማለች። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሠ ቁጥሩ 4640፣ ሰ ደግሞ 4656 ነው። በአንዱ ፊደል ፈልጋ ስታጣ ዲስኩን በሙሉ አስስ ትለዋለች፤ ማውጫ ያልተዘጋጀለትን ዲስክ ማሰስ ደግሞ ራሱን የቻለ ድካም ነው። አንዱን ፊደል ምረጪ አልኳት። ሳቀች፤ የምትመርጥ አይመስለኝም።

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «የጉልበት መሳሙ ግን ጠፋ ማለት ነው?»

«ካርዱስ?»

«እሁድ ጠዋት ፎርማት አደረግኩት።» ድምጿ አነሰ።

ካሜራ ላይ የሚደረግ ፎርማት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰርዘው የስም ዝርዝሩን ነው፤ ምስሉ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቀመጣል።

«ከእሁድ ወዲህ ቀርጸሽበታል?»

«ኧረ አልቀረጽኩም። በሌላ ካርድ ነው የሠራሁት፤ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«በይ ካሜራ ውስጥ እንዳታስገቢው» አልኳትና ካርድ ማንበቢያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።