ያውቁ ኖሯል? የአንኮበሩ ንጉሥና የእንግሊዝ መድፍ

ሣህለ ሥላሴ የሸዋን መንበር ሲይዙ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1813፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ነበር። አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ በሰው እጅ ሲገደሉ ልጁ ገና ለጋ ወጣት ነበሩ፤ ሆኖም ፈጥነው የአባታቸው መቀመጫ ወደነበረችው ቁንዲ ገብተው መንበሩን ያዙ። ከዚያ ወዲያ እስከ 1847 ገዙ፤ ከ30 ዓመት በላይ ማለት ነው። በዘመነ መሳፍንት ይህን ያህል መሰንበት ቀላል አልነበረም። ሌሎቹ መሳፍንት በጎንደር ዙፋን ሲፋጁ እሳቸው ቤታቸውን አደላድለው የንጉሥ ማዕረግ ያዙ።

በ1841 ከቦምቤይ የተላከው እንግሊዛዊ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ገደሉን ወጥቶ ንጉሡ መቀመጫ አንኮበር ደረሰ። ስጦታው ሻልና ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሳንጃ የተሰካባቸው ጠመንጃዎችና መድፎችም ነበሩበት። ንጉሡ ዓይናቸው ያረፈው መሣሪያው ላይ ነበር፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ኅዳር ወር ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ይሁንና በእንግሊዝ ብቻ አልተወሰኑም፤ በ1843 ከፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር ጋርም ሌላ ውል አሰሩ። ሃሪስ ደግሞ አገሩ ተመልሶ ስለ ጉዞው ባለ 3 ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ።

በ1844 አንጎለላ ላይ የተወለደው የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ተባለ።