ከሥራ ከመሰናበታችን በፊት መብታችንን እንወቅ

ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ወይም የጽዳት ኩባንያው ሠራተኛ ሊቀንስ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ብዙዎቻችን ዝም ብለን እንጠብቃለን። አንዳንዶቻችንም «ተባርሮ ከማፈር በፈቃድ መውጣት ይሻላል» ብለን ሥራውን ቀድመን እንተዋለን። ይህ ግን ቤተሰብን ይጎዳል። በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የስንብት ካሣ (ፒጹዪም) አያገኝም፤ በቂ ምክንያት ከሌለውም ብሔራዊ መድን (ቢቱዋሕ ሌኡሚ) የሥራ አጥነት አበሉን ለ90 ቀን ያቆይበታል።

እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው ሕግ መሠረት፣ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ሲሰናበት ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይገባዋል። የወር ደመወዝተኛ ከሆነና ዓመት ከሞላው ደግሞ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። አሠሪውም ከመወሰኑ በፊት ሠራተኛውን ጠርቶ ቃሉን መስማት አለበት፤ ይህ «ሺሙዕ» ይባላል።

ታዲያ ከአሁኑ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የደመወዝ ወረቀታችንን (ትሉሽ) ሁሉ ሰብስበን እናስቀምጥ። ያልወሰድነው የዓመት ዕረፍት ስንሰናበት በገንዘብ ይከፈለናል። ያልተጠቀምንበት የሕመም ቀን ግን በሕጉ አይከፈልም፤ ስለዚህ የታመመ ሰው «እባረራለሁ» ብሎ ፈርቶ ሕክምናውን አያቆይ።

ሁለተኛ፣ ዓመት ከሞላን የመዝናኛ ገንዘብ (ደሜ ሐቭራኣ) መከፈሉን፣ ለጡረታ የሚቆረጥብንም ገንዘብ በስማችን መግባቱን እናረጋግጥ።

ሦስተኛ፣ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ሳናስነብብ አንፈርም፤ «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ሊሆን ይችላልና። ለዚህም ትንሽ ልጃችንን አስተርጓሚ ከማድረግ ይልቅ ነገሩን የሚያውቅ ትልቅ ሰው እንፈልግ። ሒስታድሩት ለአባላቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት ደግሞ ለኢትዮጵያ ተወላጆች በሕግ ጉዳይ ይረዳሉ።

ሥራው ሲያበቃ የስንብት ደብዳቤውንና 161 ቁጥር ቅጹን እንቀበል። ሳንውል ሳናድርም በሥራና ሠራተኛ አገናኝ መሥሪያ ቤት (ሊሽካት ታዓሱካ) እንመዝገብ፤ አበሉ የሚታሰበው ከተመዘገብንበት ቀን ጀምሮ ነውና። በመደበኛው ሕግ አበሉን ለማግኘት ከመጨረሻዎቹ 18 ወራት 12ቱን መሥራት ያስፈልጋል።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ይህን ገንዘብ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ የላባችን ዋጋ ነው።